ከከንፈር እስከ ጨጓራ፦ የጉሮሯችን በሮችና የእንጥል ነገር



መድረሳ ገብቶ የቀራ ሁሉ የማይረሳት አንዲት ሐርፍ አለች፤ እርሷም ቃፍ ናት። በአማርኛ አፉን የፈታ ልጅ ቁርኣን መቅራት ሲጀምር ቃፍን የሚላት በ«ቀለም» ቀ ነው። ኡስታዙም ሉሁን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ «ይህማ የአገራችን ቀ ናት! ወደ ውስጥ ግባ፤ ከምላስህ ሥር፣ ከእንጥልህ አጠገብ አምጣት» ይላሉ። ልጁም አፉን ከፍቶ ይታገላል፤ ጓደኞቹም ይስቃሉ።

እኛም እንጥል የሚባል አካል በአፋችን ውስጥ እንዳለ መጀመሪያ የሰማነው ከሥነ ሕይወት መምህር ሳይሆን ከቁርኣን አስተማሪያችን ነው። በዐረብኛ «ለሀት» ትባላለች። ቃፍና ካፍ ከእርሷ አጠገብ ስለሚወጡም ሊቃውንቱ «ለሀዊያ» ብለው ሰየሟቸው። ይህን ስያሜ የምናገኘው በሁለተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን በበስራ ከኖሩት ከኸሊል ኢብኑ አሕመድ አል-ፈራሂዲ ነው። እኚህ ሊቅ «ኪታቡል ዐይን» የተሰኘውን የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሲያሰናዱ ፊደላቱን በአሊፍ፣ ባ፣ ታ ተራ አላስቀመጧቸውም። ከጉሮሮ ጀምረው፣ በላንቃና በጥርስ በኩል አልፈው ወደ ከንፈር እየወጡ ደረደሯቸው እንጂ። መጽሐፉ በዐይን የተሰየመውም መጀመሪያ የመጣችው እርሷ ስለሆነች ነው። (በእኛ ፊደል ዐ እና አ ሁለት ሆነው ቢጻፉም በአፋችን አንድ መሆናቸው ለአማርኛ ተናጋሪ ደረሳ ሁለተኛው ፈተና ነው።)

በኋላ በዘመናዊው ትምህርት ቤት የሰው አካል ሥዕል ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያየነው አዲስ አገር አልነበረም። ኡስታዛችን በድምፅ ያስጎበኙን መንገድ ነበር። ልዩነቱ አቅጣጫው ብቻ ነው፤ ቃል ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ጉርሻ ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ዐበሳ የሰው ልጅ ወደ ምግቡ እንዲመለከት ያዝዛል። እኛም ዛሬ አንዲትን ጉርሻ ከከንፈር ጀምረን እንከተላት። በመንገዳችን ላይ እንጥል ዘንድ ስንደርስ ግን ጥቂት እንቆያለን፤ እንድንጽፍ ያስገደደን ጉዳይ ያለው እዚያ ነውና።

ጉርሻዋ ስትጓዝ

በአፍ ውስጥ ጥርስ ይቆርጣል፣ ይፈጫል፤ ምላስ ያገላብጣል፤ ምራቅ ያርሳል። ምራቅ ከሦስት ጥንድ ትልልቅ ዕጢዎችና ከብዙ ጥቃቅን ዕጢዎች ይመነጫል፤ በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ሊደርስ ይችላል። ከትልልቆቹ አንዱ ጥንድ ከጆሮ በታች ያለው ሲሆን፣ ጆሮ ደግፍ የሚባለው በሽታ የሚያሳብጠው ይህንኑ ነው። ምራቅ ማርጠብ ብቻ አይደለም ሥራው። ዳቦን ያለ ወጥ ረዘም አድርጎ ያላመጠ ሰው አፉ ውስጥ ጣፈጥ ይልበታል፤ ምራቁ የዳቦውን ስታርች ወደ ስኳርነት መለወጥ ጀምሯልና ነው።

የአፍ ጣራ ላንቃ ነው። የፊተኛው ክፍል አጥንት ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ ምላስን ወደ ኋላ ያሸራተተ ሰው ግን ጣራው ድንገት ሲለሰልስ ይሰማዋል። ዐረቦች ላንቃን «ሐነክ» ይሉታል። ለተወለደ ሕፃን የላመ ቴምር በላንቃው ላይ ማስነካት ተሕኒክ የተባለው ከዚሁ ነው። ከለስላሳው ላንቃ ጫፍ መሐል ላይ እንጥል ተንጠልጥላለች። የሥጋ ቁራጭ ትመስላለች እንጂ በውስጧ ጡንቻም አለ፤ ቀጭን ምራቅ የሚያመነጩ ዕጢዎችም አሉ። የላቲን ስሟ «ትንሽ ወይን» ማለት ነው።

ከእንጥል በስተጀርባ የሚገኘው ጉሮሮ አስደናቂ ስፍራ ነው። ከአፍንጫ የሚመጣ አየርና ከአፍ የሚመጣ ምግብ በአንድ አዳራሽ ይገናኛሉ። አየር ወደ ፊተኛው ቧንቧ፣ ምግብ ወደ ኋለኛው ቧንቧ መሄድ አለበት፤ መንገዶቹ ተቋርጠው ማለፍ ግድ ሆኖባቸዋል። ታዲያ እንዴት አይጋጩም? አንባቢ ጣቱን በማንቁርቱ ላይ አድርጎ ምራቁን ይዋጥ። ማንቁርቱ ወደ ላይ ዘለል ብሎ ይመለሳል። በዚያች ከአንድ ሴኮንድ ባልበለጠች ጊዜ ውስጥ ለስላሳው ላንቃ ከነእንጥሉ ተነስቶ የአፍንጫውን መንገድ ይዘጋል፤ ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይሳባል፤ ምላስ መሰሉ ክዳን በአየር ቧንቧው አፍ ላይ ይደፋል፤ የድምፅ ጅማቶች ይገጥማሉ፤ ትንፋሽ ይቆማል፤ የምግብ ቧንቧው በር ይከፈታል። እየተነፈሰ የሚውጥ ሰው የለም፤ ይሞክረው!

እዚህ ላይ ደረሳ የነበረ ሰው አንድ ነገር ያስታውስ። ሐምዛ የምትወጣው ከጉሮሮ ጥልቅ ጫፍ ነው ተብለን ተምረናል። ሐምዛ ማለት የድምፅ ጅማቶቹ ገጥመው አየሩን ቆም አድርገው የሚለቁባት ድምፅ ናት። ጉርሻ ሲያልፍ የሚዘጋው በር ራሱ እርሱ ነው፤ ስንቀራ የምንዘጋውና ስንውጥ የሚዘጋልን በር አንድ ነው። ሱብሐነላህ!

ይህ ሁሉ ቅደም ተከተል ሲስት «ትን አለኝ» እንላለን። እየሳቁ ወይም እያወሩ መጉረስ የሚያስከትለው ይህንን ነው። ለትንሽ ልጅ ቆሎና ኦቾሎኒ መስጠትም ከዚሁ የተነሳ አደገኛ ነው፤ የልጅ የአየር ቧንቧ ጠባብ ነው፣ መንጋጋውም በቅጡ አይፈጭም። ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማስዋጥም እንዲሁ። ቅቤ ሳያስነጥስ፣ ሳያስለው ሾልኮ ወደ ሳንባ ሊገባና ሳንባውን ሊያቆስል ይችላል። የሕፃን ማንቁርት ከአዋቂ ይልቅ ከፍ ብሎ ከለስላሳው ላንቃ ተጠግቶ መቀመጡ ጡት እየጠባ በአፍንጫው እንዲተነፍስ ያግዘዋል፤ መጥባት፣ መዋጥ፣ መተንፈስ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ለእናት ጡት የተሰናዳ አሠራር ነው።

ከጉሮሮ በታች ያለውን ቶሎ ቶሎ እንለፈው። የምግብ ቧንቧ በአዋቂ ሰው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጉርሻን የሚያወርደው ክብደቱ ሳይሆን የጡንቻው ሞገድ ነው፤ ስለዚህም ጋደም ብሎ የዋጠ ሰው ምግብ ጨጓራው ይደርሳል። ከታች ያለው በር ሲላላ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይመለስና ቃር ይሆናል። በረመዳን አፍጥሮ፣ እስኪንገፈገፍ በልቶ ወዲያው የተኛ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጨጓራ አንድ ሊትር፣ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይይዛል። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሦስተኛው ለምግብ፣ አንድ ሦስተኛው ለመጠጥ፣ አንድ ሦስተኛው ለትንፋሽ ይሁን የተባለበትን ትርጉም ያልሰማ የለም። ለትንፋሽ መባሉ ያስደንቃል፤ ድያፍራም የተባለው የመተንፈሻ ጡንቻ ከጨጓራ በላይ ተዘርግቶ ሆድ ሲሞላ ወደ ላይ ይገፋልና። የጨጓራውን የታች በር ዐረቦች «በዋብ» ይሉታል። በዐረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ቃሉን ያውቁታል፤ የሕንፃ በር ጠባቂ ማለት ነው። ከበዋቡ ቀጥሎ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ አለ፤ ስሙ በዐረብኛ «አስራ ሁለት» ነው፣ ርዝመቱ የአስራ ሁለት ጣት ውፍረት ያህላል ተብሎ። የጉበት ሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ የሚቀላቀሉት እዚያ ነው፤ የላይኛው የምግብ መንገድም በዚሁ ያበቃል።

አሁን ወደ እንጥል እንመለስ።

«እንጥሉ ወርዷል»

ባለፈው ክረምት ከጎረቤቶቻችን ቤት የአምስት ሳምንት ሕፃን ታመመ። ይስላል፤ ጡት ይይዝና ይለቃል። አያቱ አፉን ከፍተው አዩና «እንጥሉ ወርዷል» አሉ። እንጥል የሚቆርጡ አንዲት ሴትዮም በማግስቱ ጠዋት እንዲመጡ ተላከባቸው። የልጁ እናት ግን ልቧ አላረፈም። ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ ባሏን ወደ እኛ ላከችው።

በሄድን ጊዜ አያቱ የተናገሩት ነገር አፋችንን አስያዘን። «ኡስታዝ፣ አንተስ ተቆርጠህ አይደል እንዴ ያደግከው? ምን ሆንክ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። የእኛም እንጥል የለም። በሕፃንነታችን ተቆርጧል። በክፍል ውስጥ ስለ ጉሮሮ ስናስተምር ተማሪዎቻችን በመስተዋት አፋቸውን እንዲያዩ እናደርጋለን፤ «መምህር፣ የእኔ የት ሄደ?» የሚል ሁልጊዜ ይገኛል። እነዚህ ልጆች ይበላሉ፣ ይናገራሉ፣ ቃፍንም ይቀራሉ። ቃፍ የምትወጣው የምላስ ሥር ለስላሳውን ላንቃ ሲነካ ስለሆነ የእንጥል መጥፋት ብቻውን አያስቀራትም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አያቶቻችን የሚያዩት የዳነውን ነውና «ማንም አይሞትበትም» ብለን ብንከራከራቸው ወይም «ሁሉም ይሞትበታል» ብንላቸው አያምኑንም።

ነገር ግን የምናየው የተረፍነውን ብቻ ነው። ያልተረፈው አይናገርም። እንጥል በደም ሥር የተሞላች ናት። የቆራጯ ምላጭ ወይም ክር ትንሽ ካለፈ ሕፃኑ ብዙ ደም ይፈሰዋል፤ በአምስት ሳምንት ሕፃን ሰውነት ውስጥ ያለው ደም ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። ደሙ ወደ ታች ሲፈስ ስለሚውጠው በውጭ ላይታይ ይችላል። ከአንዱ ልጅ አፍ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ስለት መንጋጋ ቆልፍን፣ ኤች አይ ቪን፣ የጉበት በሽታን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለቱ ከእንጥል አልፎ ለስላሳውን ላንቃ ከወሰደ ደግሞ የአፍንጫው በር አይዘጋም፤ ወተት በአፍንጫ ይመለሳል፣ ንግግርም ይጎለድፋል። ይህ ሁሉ ባይደርስ እንኳ ጉሮሮው የቆሰለ ሕፃን ጡት አይጠባም። የመጀመሪያው ሕመሙም አልጠባ ማለቱ ነበር!

ታዲያ «ተቆርጦ ዳነ» የሚባለው ከየት መጣ? ሕፃን ጉንፋን ሲይዘው ጉሮሮው ይቀላል፣ እንጥሉም ያብጣል፤ ሲያብጥ ይረዝማል። «ወረደ» የተባለው ይህ ነው። እብጠቱ የሕመሙ ምልክት እንጂ ምንጭ አይደለም። ተራ ጉንፋን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ወይም በአስር ቀን ይለቃል። ምላጩ በአምስተኛው ቀን መጥቶ ልጁ በስምንተኛው ቀን ቢሻለው ምስጋናው ለምላጩ ይሆናል። ሳሉ የሳንባ ምች ከሆነ ግን በምላጩ ላይ የጠፋችው ቀን ዋጋዋ ከባድ ነው።

ይህ ልማድ የአንድ እምነት ወይም የአንድ አገር አይደለም። በአገራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤት አለ። በሰሜን ናይጄሪያ በሐውሳዎች ዘንድ ሕፃኑ በሰባተኛው ቀን ስም ሲወጣለት ጸጉር ላጪው እንጥሉን አብሮ ይቆርጥ ዘንድ ልማድ ነበረ፤ አሁንም ያልተወው አለ። ዐቂቃ በሚታረድበት ቀን መሆኑን ልብ ይሏል። ከዲን ጋር በአንድ ቀን ስለዋለ ከዲን የመጣ የሚመስለው ሰው አይጠፋም።

የኡሙ ቀይስ ልጅ

ከዲን የመጣስ ምን ይላል? በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሐዲስ አለ። ኡሙ ቀይስ ቢንት ሚሕሰን የተባሉ ሰሓቢይ ልጃቸውን ይዘው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጡ። ልጁ «ዑዝራ» የሚሉት የጉሮሮ ሕመም ይዞት ነበር፤ እናቱም በዘመኑ ልማድ ጉሮሮውን በጣት ተጭነውለት ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጆቻችሁን ስለምን በዚህ ትጫናላችሁ በሚል ትርጉም ተቃወሟቸውና ወደ መድኃኒት፣ ቁስጥ ወደሚባለው የሕንድ እንጨት መሯቸው። ከአነስ (ረ.ዐ.) በተዘገበው ደግሞ ይህን መጫን ልጆችን ማሠቃየት ብለው ጠርተውታል።

ውድ አንባቢያን፣ ሐዲሱ የሚናገረው ስለ ጣት ነው፤ ስለ ምላጭ አይደለም። ነገር ግን በመድረሳ «ቂያሱል አውላ» የሚባል ነገር ተምረናል፤ ቀላሉ ከተነቀፈ ከባዱ ይበልጥ የተነቀፈ ነው። ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም፤ ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን። ለእናቶች ግን ይህን ሐዲስ የሚያነብላቸው ኢማም ቢበዛ እንወዳለን። ሐዲሱን ከተሕኒክና ከዐቂቃ እኩል የሚያውቀው ሰው ለምን እንዳነሰ አይገባንም።

የእስላም ሐኪሞችም ስለ እንጥል ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1013 አካባቢ ያረፉት የኮርዶባው አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» በተባለው መጽሐፋቸው ያበጠና የረዘመ እንጥል በቀዶ ሕክምና የሚስተካከልበትን መንገድ ከነመሣሪያው አስቀምጠዋል። ይሁንና በተፈጥሮ ከተሰጠው መጠን የተረፈውን እንጂ ከዚያ በላይ መቁረጥ ድምፅንና ንግግርን እንደሚጎዳ አስጠንቅቀዋል። ከሺህ ዓመት በፊት የነበረ ሐኪም የፈራውን ዛሬ ያለ ፍርሃት የሚሠራ መኖሩ ያሳዝናል።

የአገራችንም ሕግ ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እንጥል በመቁረጥ ወይም የወተት ጥርስ በማውለቅ ሕፃን እንዲሞት ያደረገን ሰው ይቀጣል፤ አራስ ሕፃን ቅቤ ማብላትንም በጎጂ ልማድነት ይጠቅሰዋል። ሕጉ የሚመጣው ግን ልጁ ከተጎዳ በኋላ ነው።

እንጂማ የሚያስል ሕፃን ቤት ውስጥ ሲኖር መታየት ያለበት ጉሮሮው ሳይሆን ደረቱ ነው። ልጁ ጸጥ ባለበት ሰዓት ልብሱን ገለጥ አድርጎ፣ ሰዓት ይዞ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ነው። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። የደረቱ የታችኛው ክፍል ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ጸጥ ብሎ እያለ ሲተነፍስ ጉሮሮው ከጮኸ ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም። ለተራ ሳል እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ሌላ አያስፈልገውም። ማር መልካም ነው፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን በፍጹም አይሰጥም፤ በውስጡ ሊገኝ የሚችል ጀርም በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ያመነጫልና።

በዚያች ሌሊትም ከአያቱ ጋር ስለ እንጥል አልተከራከርንም። «እማማ፣ መጀመሪያ ትንፋሹን አብረን እንቁጠረው» አልናቸው። አባትየው ስልኩን ይዞ ደቂቃውን ጠበቀ፤ እኛና አያቱ ቆጠርን። እኛ 68 አገኘን፤ እርሳቸው በተስቢሓቸው ቆጥረው 66 አሉ። ብዙም አልተለያየንም። ሌሊቱን በባጃጅ ሄዱ። ሕፃኑ ተኝቶ በመርፌ ሲታከም ሰነበተና በስምንተኛው ቀን ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ አልሐምዱሊላህ።

እንኳን ለዚህ አበቃችሁ ለማለት በሄድን ጊዜ አያቱ ቡና አፍልተው ጠበቁን። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ወደ እኛ ዘንበል ብለው «እንጥሉስ?» አሉ። ልጁ እየተንጠራራ ሲያዛጋ በስልክ መብራት አሳየናቸው። እንደ ስንዴ ቅንጣት የምታህል ቀይ ነገር ከላንቃው መሐል ተንጠልጥላ ነበር፤ እብጠቷ ጠፍቷል።

«ይህችው ናት?» አሉ፤ ጣታቸውንም አላስጠጉም።